ጥርስ ነክሶ መቻል ይቅር

ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። ደርሶ ካልታጨደና ነዶው ሂላ ሆኖ ካልቆመ ተሰነጣጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እዚህ በቆላው ሽንፋ ጥርሱን ያመመው ሰው፣ ባለ እርሻም ሆነ የቀን ሠራተኛ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው መቻል ነው። ጎንደር ወጥቶ ጥርሱን አስሞልቶ የተመለሰውማ ሕመሙ ሲቀጥል የባሰ ይችላል። ገንዘቡን ከፍሏል፣ መንገዱን ተንገላቷል፤ «ተሞልቶም ያመኛል» ብሎ መመለስ ሐኪሙን መክሰስ ይመስለዋል።

ወገኖቼ፣ ይህን ይሉኝታ ተዉት። በትክክል የተሞላ ጥርስም ሊያም ይችላል። የበሰበሰው ሲቦረቦር በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ይቆጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ትኩስ ሻይ ሲነካው ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ አራት ሳምንት ጥዝ ቢያደርገው ብዙም አያስደነግጥም፤ ብቻ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ይሂድ። የማይቀል ከሆነ ግን ትዕግሥቱ እዚያ ላይ ያብቃ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ከፍ ብሎ የተሞላ ጥርስ ነው። ሐኪሙ ባለቀለም ወረቀት አስነክሶ ሲለካ አፋችን በመርፌው ደንዝዟል፤ እንዴት እንደምንገጥም እኛም አናውቀውም። ማታ መርፌው ሲለቅ እንጀራ ስናኝክ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካል። ትርፉ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ቢሆንም የንክሻው ኃይል ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ሥሩ ዙሪያ ይታመማል። ያንን ጎን ሸሽተን በሌላው ስናኝክ ደግሞ የመንጋጋችን ጡንቻ ይዝላል። መድኃኒቱ ተመልሶ ትርፏን ማስሞረድ ነው፤ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ግን ወር ሙሉ ክኒን ውጦ መጨረሻ ላይ «ንቀሉልኝ» ይላል። ጥርስ ግን ዘመን ይሻገራል፤ በ2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እዚሁ ሽንፋ ወንዝ አካባቢ ከ74,000 ዓመት በፊት የነበረውን የአየር ጠባይ ያወቀው ከሰጎን እንቁላል ቅርፊትና ከእንስሳት ጥርስ ነው። ይህን ያህል ዘመን አፈር ውስጥ የሚኖረውን ነገር ነው እኛ የአምስት ደቂቃ ሞረድ ሸሽተን የምናስነቅለው!

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ምንም ሳይነካው የሚነሳ፣ ቀዝቃዛ ነክቶት ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ሕመም ሌላ ነው። ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ወይ የሥር ሕክምና ወይ መነቀል ይፈልጋል። እዚህ ላይ አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ አይረዳም። እብጠትና ትኩሳት በሌለበት የነርቭ ቁጣ በአንቲባዮቲክ አይበርድም። ሕመሙ በድንገት ጸጥ ቢልም አትደሰቱ፤ ነርቩ ሞቶ ውስጥ ውስጡን መግል እየቋጠረ ሊሆን ይችላል።

ፊት ካበጠ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ሰሊጡ ይርገፍ! ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።

መንጋጋው ራሱ ጆሮ ሥር የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሲሞላ አፍ ለረጅም ሰዓት ተከፍቶ ከመቆየቱ ወይም ከመርፌው የመጣ ነው። በሞቀ ጨርቅ አሙቁት፣ ለስላሳ ምግብ ብሉ፣ ቆሎ፣ ማስቲካና ጫት ለሁለት ሳምንት ይቆዩ። እንደ ኤሌክትሪክ ድንገት የሚነዝር የፊት ሕመም ግን ከፊት ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥርስ በማስነቀል አይድንም። ሳትመረመሩ አታስነቅሉ።

ስለ ማስታገሻም አንድ ነገር ልበል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ በቆላው ፀሐይ ላብ እየፈሰሰ ውሃ ሳይጠጣ የሚውጣቸው ሰው ደግሞ ኩላሊቱን ለአደጋ ያጋልጣል። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዝላቸው አይንኳቸው። ፓራሲታሞልም ቢሆን ለአዋቂ ከባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይለፍ።

ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ አንዳንዴ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ስለዚህ ስታስሞሉ የሐኪሙን ስልክ ተቀበሉ፣ የሕክምና ካርዳችሁን አትጣሉ። ስትደውሉም «ያመኛል» ብቻ አትበሉ፤ ስትነክሱ ነው ወይስ ቀዝቃዛ ሲነካው? ለስንት ደቂቃ ይቆያል? ሌሊት ያስነሳል? ከተሞላ ስንት ቀኑ ነው? ይህን ንገሩት። አሁን የምታኝኩት በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ወደ እርሻ ሳትወጡ ደውሉለት።