ከስሜትና ከመሣሪያ የማን ምስክርነት?

ደመና ውስጥ የገባን አብራሪ የገዛ አካሉ ይዋሸዋል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ ዝግ ያለ መታጠፍን አይለይምና፣ አውሮፕላኑ አዘንብሎ ሳለ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። እዚህ ላይ የሚነሣው የእምነት ጥያቄ ነው፦ የማን ምስክርነት ይጽና፣ የአካሉ ወይስ የመሣሪያው?

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ነጎድጓዳማ ሰማይ ውስጥ ከደቂቃዎች በኋላ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 90 ሰዎች አለቁ። ከመውደቁ በፊት መሪው ለማስጠንቀቅ ይንቀጠቀጥ፣ የማዘንበል ማስጠንቀቂያውም ይጮኽ ነበር። የሊባኖስ መርማሪዎች ስሕተቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ አየር መንገዱ አልተቀበለውም።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር እንዲህ ያለ ሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። አባባሉ ሐዘንተኛን ያጽናናል እንጂ ከጥንቃቄ አያሰናብትም፤ ሐምሌ ላይ ጉም የያዘው ገበሬ «እግዜር ያውቃል» እያለም መንገዱን ለአህያዋ ይተዋል። እሷ ጆሮዋን አቁማ ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ እሱ ቀኙ ቢመስለውም ይከተላታል።

መሣሪያም ግን ይዋሻል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ባለቁበት፣ በዚያው አየር መንገድ በረራ 302 ላይ የተሳሳተው አንድ ጠቋሚ ነው። ስለዚህ አብራሪ የራሱን መለኪያ ከባልደረባውና ከተጠባባቂው መለኪያ ጋር ያስተያያል።