ስለ መርከቢቱ እድፍ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለሚመጣው ዘመን የሚተርክ ፊልም ስታይ፣ ከጠፈር መርከቢቱ ፍጥነት ይልቅ ግድግዳዋን ተመልከት። ንጹሕ ነውን ወይስ አድፏል? እኔ ይህን መጠየቅ እወዳለሁ፤ የፊልሙ ሠሪ ስለ ሰው ድካም ያለው አሳብ በዚያ ይታወቃልና።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ባወጣው «2001፦ የጠፈር ጉዞ» በተባለው ፊልም ጣቢያው እንደ ወተት ነጭ ነው። ያን ሁሉ ንጣት ማን እንደሚወለውለው ግን አያሳየንም። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ዓ.ም. «ስታር ዋርስ»ን ሲያወጣ ሰው የኖረበትን ዓለም ፈለገ። «ሚሌኒየም ፋልከን» የምትባለው መርከብ ጥላሸት የጠገበች፣ በየቦታው የተጠጋገነች ናት፤ ወጣቱ ሉክ ገና ሲያያት ይንቃታል። ሠራተኞቹ ትንንሾቹን የመርከብ ምስሎች ሲሠሩ በሱቅ የሚሸጡ የታንክና የመሳሰሉትን የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች እየገዙ ክፍልፋያቸውን ይለጥፉባቸው፣ በላዩም እድፍ ይቀቡባቸው ነበር።

«አዲሱን ዕቃ አሮጌ ማስመሰል ውሸት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አይመስለኝም። ተመልካቹ ሲኒማ ቤት ሲገባ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ደግሞም ሠዓሊው እድፉን በሥፍራው ለመቀባት፣ ዘይቱ ከየት ይንጠባጠባል፣ በሩን የሚከፍት እጅ የት ላይ ያርፋል ብሎ ማሰብ አለበት። ይህም የማይታየውን ሠራተኛ ማሰብ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሪድሊ ስኮት በ1979 ዓ.ም. ባወጣው «ኤልየን» በተባለው ፊልም «ኖስትሮሞ» የምትባለው መርከብ ሰባት ሰዎች ይዛ ማዕድን ትጐትታለች። ከታች በሞተሩ በኩል የሚሠሩት ፓርከርና ብሬት፣ የሚደርሳቸው ድርሻ ከሌሎቹ ስላነሰ ያጕረመርማሉ፤ ከላይ ያሉት ግን እንደ ተለመደ ጫጫታ ይቈጥሩታል። ሃን ሶሎ ፋልከንን የሚጠግናት የገዛ ራሱ ስለ ሆነች ነው፤ ኖስትሮሞ ግን የኩባንያ ንብረት ናት፤ ኩባንያውም ሰዎቹ ቢጠፉ ግድ እንደሌለው ኋላ ይገለጣል። የአንዲቱ እድፍ የባለቤቷን ትጋት፣ የሌላዪቱ የባለቤቷን ንፉግነት ያሳያል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዓይን ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ደስታ ያያቸዋል! በለስላሳ ወንበር ተቀምጦ ዝገቱን የሚያደንቅ ሰው፣ በዝገቱ ውስጥ የሚውለውን ሰው ሊረሳው ይችላል። እኔ ይህን አድናቆት እጠረጥረዋለሁ።

በእውነተኛው ጠፈርስ? በ1986 ዓ.ም. የመጠቀችው የሶቪየት ጣቢያ «ሚር» እስከ 2001 ዓ.ም. ቈይታለች። በ1997 ዓ.ም. በውስጧ እሳት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት የጭነት መንኰራኵር ገጭቷት አየሯ መውጣት ጀመረ፤ ሰዎቹም በበሩ ያለፉትን የኤሌክትሪክ ገመዶች ፈጥነው ነቅለውና ቈርጠው የተመታውን ክፍል ዘጉ። እዚያ እድፉን የቀባ ሠዓሊ አልነበረም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ሳይለየው በኖረው በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ፣ እነዚያ ብዙ የተማሩት ጠፈርተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅና የአቧራ መምጠጫ ይዘው ግድግዳውን ይወለውላሉ።