መጨረሻውን ሳታይ አትነሣ

ልጄ፣

በፋሲካ ማግስት እናንተ ቤት ስመጣ ስልክህ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ነበር። ፊቱ ላይ ያደረግኸውን ፎቶ ከሩቅ ለየሁት። ተዋናዩ ዴንዘል ዋሽንግተን ነው፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ግን የ«ትሬኒንግ ዴይ» ፊልሙ አሎንዞ ሃሪስ ሆነብኝ፤ ጥቁር ጃኬት የለበሰው፣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት የደረበው የሎስ አንጀለስ መርማሪ ፖሊስ። ምን ወደድህለት ብዬ ስጠይቅህ «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ንጉሥ ነው» አልኸኝና ሙዚቃ የተጫነበት የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ አሳየኸኝ። ፊልሙን ጨርሰኸው እንደሆነ ስጠይቅህ ደግሞ «ምርጥ ምርጡን አይቻለሁ» ብለህ መለስህልኝ።

ያን ዕለት እንግዳ ስለነበረ ዝም አልሁ። መልስህ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስልህ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። የወንጀል ፊልም ልጅ ያበላሻል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አባትህና እኔ ወጣት ሳለን ያለንን ሳንቲም አዋጥተን ካሴት እየተከራየን፣ ዴክ ከጎረቤት እየተዋስን ነው ያደግነው። ዴንዘልን መጀመሪያ በደንብ ያወቅነው በ1992 በወጣው የስፓይክ ሊ ፊልም፣ በ«ማልኮም ኤክስ» ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ክፍል ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ሱፍ፣ ጭፈራ፣ ቁማርና የቤት ዘረፋ ነው። ሰውዬው ታስሮ፣ እስር ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጀምሮ፣ ራሱን እንደ አዲስ ሠርቶ ሲወጣ አባትህ ከመሬት ላይ ተቀምጦ እንደነበረ፣ ሻዩም እንደቀዘቀዘበት አስታውሳለሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ተነሥተን ሄደን ቢሆን ኖሮ ማልኮም የሚባል ጥሩ ለባሽ ሌባ አየን ብለን እናወራ ነበር። ምርጥ ምርጡ ያኔ ገና አልጀመረም።

እንዲህ ሆኖም ቆይቶ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ነው። «አሜሪካን ጋንግስተር»ን፣ በ2007 ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀውን፣ ማታ ቤቴ ከፈትሁ። ዴንዘል የሃርለሙን ሄሮይን ነጋዴ ፍራንክ ሉካስን ሆኖ ይሠራል። ከገጠር ወንድሞቹን ያመጣል፣ እናቱን ትልቅ ግቢ ይገዛላታል፣ ቤተሰቡን በአንድ ማዕድ ይሰበስባል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ልብሱም የባንክ ሠራተኛ ልብስ ይመስላል። እናቱ አዲሱን ቤቷን ካየች ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ጠፋ።

ሳምንቱን ሙሉ ፊልሙ በዚያ ቆመብኝ። በዚያ ሳምንት ለማን ምን እንዳወራሁ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሰውዬው ብልሃት፣ ስለ ዝምታውና ለቤተሰቡ ስላለው ፍቅር ተናገርሁ። ሄሮይኑን ረሳሁት። መጀመሪያው ትዕይንት ላይ ሰው በእሳት እንዳቃጠለ እንኳ ረሳሁት።

በሳምንቱ ቀሪውን አየሁ። ሁልጊዜ ራሱን ሲደብቅ የኖረው ፍራንክ በ1971ዱ የመሐመድ አሊና የጆ ፍሬዘር ግጥሚያ ላይ የሚወዳት ሴት የሰጠችውን ውድ የፀጉር ካፖርት ለብሶ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፤ ይህ ማነው ብሎ ፖሊስ ዓይኑን የጣለበት በዚያች ማታ ነው። በኋላ ካፖርቱን እሳት ውስጥ ይከተዋል፤ ግን ፎቶው ተነሥቷል። በኋላ ፖሊስ ሊገድል ሲነሣ በሩ ላይ የጠበቀችው እናቱ ናት፤ በጥፊ ትመታዋለች። ሩቢ ዲ ያቺን እናት ሆና በሠራችው በዚህ አጭር ሥራ ለኦስካር ታጭታለች። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይያዛል፤ በመጨረሻም ከዓመታት እስር በኋላ ማንም ያልተቀበለው ሽማግሌ ሆኖ የማያውቀው መንገድ ላይ ብቻውን ይቆማል። ያን ሁሉ ያወራሁለት ሰውዬ ይኸው ነበር።

ልጄ፣ መብራቱ በእኔ ላይ ያደረገውን ስልክህ በአንተ ላይ እያደረገ ነው። እኔን ያቋረጠኝ ሳይታሰብ ነው። አንተን የሚያቋርጥህ ግን ሰው ተቀምጦ መርጦ የቆረጠው ነው፤ ሰውዬው ከፍ ያለበትን ትቶልህ የወደቀበትን ወስዶብሃል።

አሁን ወደ አሎንዞ ልመለስ። «ትሬኒንግ ዴይ»ን በ2001 ያዘጋጀው አንትዋን ፉኳ ነው። ታሪኩ በአንድ ቀን ያልቃል። ጄክ ሆይት የሚባል ወጣት ፖሊስ፣ ኢታን ሆክ የሚሠራው፣ ሚስትና ጨቅላ ልጅ ቤት ትቶ በአዲሱ አለቃው ሥር የመጀመሪያ ቀኑን ይጀምራል። አሎንዞ ያስቀዋል፣ ያስተምረዋል፣ ከዚያ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ደግኖ ዕፅ ያስጨሰዋል። እኛ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንለው ተረት በሎስ አንጀለስ መንገድ ላይ በጥቁር መኪና ሲሄድ ታየዋለህ። አንተ «ንጉሥ ነው» ያልኸው ሰው እስከዚያው ሌሊት አንድ ሚሊዮን ዶላር ለሩሲያ ማፊያዎች ካልከፈለ የሚሞት ባለዕዳ ነው። ያን ቀን የሚሠራው ሁሉ፣ ቀልዱም ቁጣውም፣ የዕዳ ሩጫ ነው። ይህን ካወቅህ በኋላ ያን የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ እንደገና እየው። ጉልበት መስሎ የታየህ ጩኸት የፈራ ሰው ጩኸት ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጄክን ያተረፈው ምን እንደሆነስ አይተሃል? ጠዋት ላይ አንዲት ተማሪ ሁለት ሰዎች ሲያጠቋት መኪናውን አስቁሞ ወርዶ አዳናት፤ አሎንዞ ቆሞ ያይ ነበር። ማታ አሎንዞ ለወሮበሎች ጥሎት ሲሄድና ሊገድሉት ሲሉ ኪሱ ውስጥ የዚያች ልጅ ቦርሳ ይገኛል፤ ልጅቷ ደግሞ የአንደኛው ወሮበላ የአጎት ልጅ ናት። ጠዋት ማንም ሳያስገድደው የሠራው ደግ ሥራ ማታ ነፍሱን አተረፈለት። አሎንዞ ግን በራሱ ሰፈር መሐል ቆሞ ጄክን ለሚገድልልኝ ገንዘብ እሰጣለሁ ሲል እጁን የሚያነሣ አንድ ሰው አጣ። ሰፈሩ ሲፈራው እንጂ ሲወደው አልኖረም።

ስለዚህ መጨረሻ የማውቀውን ልንገርህ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነገር እሱ ነው። አሎንዞ የእጁን ሳያገኝ እንዳይቀር አጥብቆ የተከራከረው ራሱ ዴንዘል ነው። ሰውዬው እንደዚያ ከፍቶ እንዲኖር የምሠራው እንደዚያው ከፍቶ ከሞተ ብቻ ነው የሚል አሳብ እንደነበረው ደጋግሞ ተናግሯል። የምትወደው ተዋናይ ታገልሁለት ያለውን ክፍል ነው አንተ የዘለልኸው። በ2002 ለዚህ ሥራ ዋናውን የወንድ ተዋናይ ኦስካር ሲወስድ ከሲድኒ ፖይቲየር ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር ሰው ነበር፤ ፖይቲየርም ያን ምሽት እዚያው አዳራሽ የክብር ሽልማት ተቀብሏል። ልብ በል፣ ሽልማቱ የተሰጠው ለዴንዘል እንጂ ለአሎንዞ አይደለም።

ተዋናይ መውደድ መልካም ነው። ስትወደው ግን አንዱን ፊቱን ብቻ አትውደድ። «ትሬኒንግ ዴይ»ን ባየህ ማግስት በ2012 የወጣውን «ፍላይት» ክፈት። ዴንዘል እዚያ ሰካራም ፓይለት ነው። የተበላሸ አውሮፕላን ገልብጦ አብርሮ ሜዳ ላይ ያሳርፋል፤ አገር ሁሉ ጀግና ይለዋል። በምርመራው ላይ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ የተገኘውን የመጠጥ ጠርሙስ የጠጣው ማነው? በሞተች የሥራ ባልደረባው ላይ ቢያላክክ በነጻ ይወጣል። ሟች አትከራከርም። እዚያች ወንበር ላይ ሆኖ ዝም ሲል ፊቱን እየው። ውኃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ እውነቱን ተናግሮ እስር ቤት ይገባል። አሎንዞ ቀኑን ሙሉ ከጮኸው ይልቅ ያቺ ዝምታ ትከብዳለች። ጀግንነት የት እንዳለ ከራሱ ከዴንዘል ተማር።

ሁለተኛ ጊዜ ስታይ ደግሞ ሲናገር ሳይሆን ሲያዳምጥ እየው። ሰውዬው ከመድረክ የመጣ ተዋናይ ነው፤ ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በቲያትር ነው የጀመረው። ሌላው ሰው ሲናገር ዓይኑ ምን እንደሚያደርግ፣ እጁ የት እንደሚያርፍ አስተውል። ሙዚቃ የተጫነበት ቁራጭ ይህን አያሳይህም፤ ያዳመጠውን ቆርጦ ጥሎ የተናገረውን ብቻ ያስቀራልና።

በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተሠራ ፊልም ስታይ ደግሞ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለውን አትርሳ። ፍራንክ ሉካስ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ በ2019 ነው የሞተው። ሄሮይኑ ከቬትናም በወታደሮች የሬሣ ሣጥን ይመጣ ነበር የሚለውን ታሪክ ግን አብሮት የሠራው ሰው ሐሰት ነው ብሎታል። ፊልም ምስክር አይደለም፤ ተራኪ ነው። ካየህ በኋላ አንብብ።

ስለ ቤት ሥርዓትም ትንሽ ልበል። ታናሽ እህትህ ገና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሳሎን ውስጥ እያለች እንዲህ ያለውን ፊልም አትክፈት፤ የተኩሱን ድምፅ ከመኝታ ቤት ሆናም ትሰማዋለች። ፊልም ሲጀመር ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ሲያልቅም ቶሎ ሌላ አትክፈት፤ መብራቱን አብርተህ ትንሽ ተቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን ብቻህን በር ዘግተህ አትይ። እኔን ከስሕተቴ የመለሰኝ የፊልሙ መጨረሻ ብቻ አይደለም፤ አባትህ ነው። ያን ሳምንት የፍራንክን ብልሃት ስነግረው ቀና ብሎ አይቶኝ «ያ ዱቄት የገባባቸው ቤቶችስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ መጨረሻው ምክሬ ደረስሁ። ወንጀል የሌለበት፣ ሽጉጥ የማይተኮስበት ፊልም ነው፤ ግን ከሁሉም የበለጠ ሰው ይጎዳበታል። በ2016 ዴንዘል ራሱ ያዘጋጀው «ፌንስስ» ይባላል፤ አጥሮች ማለት ነው። ኦገስት ዊልሰን የጻፈው ተውኔት ሲሆን ዴንዘልና ቫዮላ ዴቪስ በ2010 ብሮድዌይ መድረክ ላይ ሠርተውት ሁለቱም ተሸልመውበታል። ትሮይ በ1950ዎቹ ፒትስበርግ ከተማ ቆሻሻ የሚያነሣ ሠራተኛ ነው። በወጣትነቱ ጎበዝ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ትልቁ ሊግ ለጥቁሮች በሩን ሲከፍት እሱ ዕድሜው አልፎ ነበር። ያ ቁጭት ውስጡ ተቀምጦ ልጁ ኮሪ ኮሌጅ ሊገባበት የነበረውን የስፖርት ዕድል ይዘጋበታል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱን የሰበረው ልጁን እንዳይሰብር ፈርቶ ነው። ሚስቱንም ይበድላል፣ ልጁም ከቤት ይወጣል። የአባት ዕዳ ለልጅ የምንለው ይኸው ነው።

ይህንንም መካከሉ ላይ ብታቋርጠው አባትየውን ጠልተህ ትነሣለህ። አትነሣ። ኮሪ ከዓመታት በኋላ የወታደር ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ አባቱ ሞቶ የቀብር ቀን ነው። ቀብሩ ላይ አልገኝም ይላል። ከዚያ ብዙም ከማያውቃት ታናሽ እህቱ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው አባታቸው ሲዘፍናት የነበረችውን የድሮ ዘፈን አብረው ያንጎራጉራሉ። ሁለቱም ቃሏን ያውቋታል። ኮሪ ያን ጊዜ ይነሣና ወደ ቀብሩ ለመሄድ ይዘጋጃል።

አንተና አባትህ ከጥምቀት ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር እንዳልተነጋገራችሁ አውቃለሁ። እሱ ሳሎን ዜና ያያል፤ አንተ በር ዘግተህ ስልክህን ታያለህ። ሁለታችሁም የምትወዱት አንድ ተዋናይ ነው፤ እሱ ዴንዘልን የወደደው ግን አንተ ሳትወለድ ነው። ቅዳሜ ማታ ፊልሙን ሳሎን ክፈትለት። ምንም አትበለው፤ አባባ ና ተቀመጥ በለው ብቻ። እኔም እመጣለሁ፤ ቡናው በእናትህ ነው።

ያን ፎቶ ከስልክህ አውርድ አልልህም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው እየው፤ አሎንዞ መብራት ላይ ቆሞ እስኪያልቅለት ድረስ እየው። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ አቆየው፤ ያኔ የማንን ፎቶ እንደያዝህ ታውቃለህ።

አጎትህ