በሩፋኤል ዕለት፦ የዓሣው ሐሞት፣ ጸበሉና የሐኪሙ መድኃኒት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው። ሀገር ቤት ብንሆን ልጁም ሽማግሌውም ደጅ ወጥቶ በዝናቡ ይጠመቅ ነበር። እዚህ ሰማዩ ጠብታ የለውም፤ ከቧንቧ የሚወርደውም ውኃ ከሙቀቱ የተነሣ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ነገር ግን የሩፋኤል ትምህርት የዝናብ ብቻ አይደለም። ዛሬ በመጽሐፈ ጦቢት ያለውን ታሪክ ይዘን ስለ ሕክምና እንነጋገራለን፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ልጆቼ እየተጎዱ ነውና።

ጦቢት የሞቱትን ወገኖቹን የሚቀብር ደግ ሰው ነበረ። አንድ ሌሊት በግድግዳ ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወደቀና ብልዝ ጣለበት። ባለ መድኃኒቶች ዘንድ ሄደ፤ አልተሻለውም። ልጁ ጦብያ ወደ ሩቅ ሀገር ሲላክ ቅዱስ ሩፋኤል አዛርያስ በሚባል ሰው አምሳል አብሮት ተጓዘ። በጤግሮስ ወንዝ ዓሣ ተያዘ፤ መልአኩም ሐሞቱን፣ ልቡንና ጉበቱን እንዲያስቀምጥ አዘዘው። ሲመለሱ ሐሞቱን በአባቱ ዓይን ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ቆጠቆጠው፣ ብልዙ ተልጦ ወደቀ፣ አየ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሩፋኤል ማለት እግዚአብሔር ፈዋሽ ነው ማለት ነው። ይህ ስሙ ራሱ ፈውስ የሆነ መልአክ በቃል ብቻ ማዳን ሲችል የዓሣ ሐሞት አዘዘ። ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ አዟል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሐኪሙን ሉቃስን የተወደደ ብሎ ይጠራዋል፤ ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎ መክሮታል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። (ማንም የዓሣ ሐሞት ገዝቶ ዓይኑ ውስጥ እንዳይጨምር አደራ! እንዲህ ብዬ ባልናገር ነገ ስልኬ ይጮኻል።)

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ጦብያ መልአኩን ይህ ለምን ይሆናል ብሎ ጠየቀው። መልአኩም አልተቆጣም፤ እምነት ጎደለህ አላለውም፤ ለምን እንደሚሆን ነገረው። እኛ ግን መጠየቅ እንፈራለን። በቅኔ ቤት ሳለን ምች የመታውን ተማሪ ዳማከሴ አሽተን ስናጠጣው ያደግን ነን፤ የሀገራችንን ቅጠል አልንቅም። ሊቃውንቱም ስለ ዕፀዋት በብራና ጽፈዋል። ክፉ ልማዳችን መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ማለታችን ነው። የማይነገር ነገር አይለካም፤ የማይለካ ነገር ደግሞ ሲያድንም ሲገድልም አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ታምር ነው ብለው አልሸጡም፤ ወስደው መረመሩት፣ የብልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ። እናቶቻችን ያወቁት እንዶድ ያን ጊዜ ለዓለም ተረፈ።

ስለዚህ ቅጠል ከሀገር ሲላክላችሁ ጠይቁ። ምንድን ነው? ስንት ነው መጠኑ? ከምወስደው ኪኒን ጋር ይጣላል ወይ? ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ስትደረግ ታስደስታለች፤ ተቀቅላ ብዙ ስትጠጣ ግን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ናት። ነጭ ሽንኩርት በወጥ መልካም ነው፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው እንደ መድኃኒት አብዝቶ ቢበላው ደም ሊያፈስሰው ይችላል። ኮሶ መጠኑ ካለፈ ሰው ይጎዳል፤ አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ተፈጥሯዊ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የእባብ መርዝም ተፈጥሯዊ ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገረውን ባለቤቷ ለሌሎች ንገሩልኝ ብላ ፈቅዳልኛለች እንጂ የንስሐ ምሥጢር አይደለም። አንዲት እኅታችን በሰው ቤት የምትሠራ፣ ስኳር ያለባት ናት። በቲክቶክ አንድ ሰው በ21 ቀን ስኳርን ከሥሩ እነቅላለሁ አላት። የሁለት ወር ደመወዟን ላከች። ዱቄቱ መጣ፤ ከዱቄቱ ጋር መርፌውን ተይ፣ ካልተውሽ አይሠራም የሚል ትእዛዝ መጣ። ተወች። በአምስተኛው ቀን ትንፋሿ ከብዶ፣ አእምሮዋን ስታ መዳሟ ሆስፒታል አደረሰቻት። እግዚአብሔር አተረፋት። ሰውየው ስልኩን ዘጋ።

ቅዱስ ሩፋኤልንስ ጦቢትና ልጁ ካመጡት ሀብት እኩሌታውን ውሰድ አሉት። አልተቀበለም። እግዚአብሔርን አመስግኑ ብሎ ማንነቱን ገልጾ ተለያቸው። እናንተ በዚህ መዝኑ። ቀድሞ የሚያስከፍል፣ የሐኪምሽን መድኃኒት ጣይ የሚል፣ ከሁሉ በላይ የእናትሽ ስም ማን ነው የሚል ሲመጣ ሽሹ። ዳማከሴ የእናትሽን ስም አይጠይቅም! ያ ኮከብ ቆጠራ ነው፤ መስቀል አንገቱ ላይ ቢያደርግም፣ በስላሴ ስም ቢጀምርም ጥንቆላ ነው።

ስለ ጸበል ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ጸበል መድኃኒት ነው፤ እኛም የዳኑትን አይተናል። ግን ጸበል ኪኒንን አስወግዱ ብሎ አያውቅም። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ወገኖች እንጦጦ ላይ መድኃኒታቸውን እየጣሉ ሲጎዱ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በግልጥ አስተምረዋል። የኤች አይ ቪ ኪኒን ቫይረሱን ያስራል እንጂ አያወጣውም፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይፈታል፣ ኪኒኑንም ሊለምድ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳም መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ሳሉ በሁለተኛው ወር ስለተወ በሽታው ሄደ ማለት አይደለም። በጸበሉ ድኛለሁ የምትል ነፍስ ትመርመርና ሐኪሙ ራሱ አቁሚ ይበላት። ጌታ ያነጻቸውን ለምጻሞች ሂዱ ራሳችሁን ለካህን አሳዩ ብሎ ልኳቸው የለምን? በዚያ ዘመን መርማሪው ካህኑ ነበር።

ከሀገር በሃይላንድ የሚመጣላችሁን ጸበል በእምነት ጠጡ። ኩላሊት ወይም ልብ የታመመና ውኃ ቀንስ የተባለ ግን አንድ ጉንጭ ይበቃዋል፤ ጸጋው በሊትር አይለካም። ጾምም እንዲሁ ነው፤ ቀኖናችን ለሕመምተኛ ያዝናል፤ መድኃኒት ከምግብ ጋር የታዘዘልሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ እንጂ ሰዓቱን በራስሽ አታዛውሪ።

ሐኪም ቤት ከሄድኩ ያባርሩኛል፣ ኢቃማዬ አልቋል፣ መዳም አትፈቅድም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ አልቀልድበትም። ወደ ሻጩ የሚገፋችሁም እሱ ነው። ዝም ብላችሁ ከመሞት በፊት ግን ንገሩን። በሰበካችን ነርስ የሆኑ እኅቶች አሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ በየሳምንቱ ደም ግፊትና ስኳር ይለካሉ። ስም አይጻፍም። የምትወስዱትን ኪኒንም ቅጠልም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ያዩላችኋል፤ እኔም ጸሎት አደርሳለሁ፣ ቀንዲልም ለሚሻ እንቀባለን።

የቅዱስ ሩፋኤል ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።