በምን ታውቀዋለህ?

ና፣ አረፍ በል። አቦሉ አመለጠህ እንጂ ቶናው ገና ነው። እጅህን ስትታጠብ በሩ ሥር የጣልከውን ገመድ አገላብጬ አየሁት። ኤልኤምአር 400 ነው፤ ስንት እንደከፈልክበት አልጠይቅህም፣ ፊትህ ይናገራል። በራስህ ገንዘብ የሬዲዮ ዕቃ ገዝተህ ለሩጫው፣ ለበዓሉ፣ ለቀጥታ ስርጭቱ ላከራይ ማለትህን ወድጄዋለሁ። ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት፤ የእገሌ ነኝ የሚል አንዲት ጭረት የለበትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ይህ ገመድ ደግሞ የሚናቅም የሚከበርም ባለቤት ያለው አይመስልም።

ለምን እንደተወደደ አንተ ታውቃለህ። በኤፍኤም ሞገድ 100 ዋት በ30 ሜትር ቀጭን አርጂ 58 ብትልክ አንቴናው ዘንድ የሚደርሰው ሲሶው ነው፤ በዚህኛው ግን ሦስት ሩብ ያህሉ ይደርሳል። የጎደለውን ገመዱ ራሱ ሙቀት አድርጎ ይበላዋል። ይህን ሂሳብ ሌባው አያውቀውም። ለእሱ ገመድ ማለት መዳብ ነው፣ መዳብ ማለት ለቆራሌው የሚሸጥ ኪሎ ነው። የሚያስቀው፣ የዚህ ገመድ ልብ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ሰርቆ ልባሱን ያቃጠለ ሰው ጭሱን ጠጥቶ የሚተርፈው መዳብ ካሰበው ያንሳል። አንተ ግን ሙሉውን ትከስራለህ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ።

ጥምቀት ነበር፤ ጃን ሜዳ። ያን ዕለት እዚያ ስንት ጣቢያ ገመድ እንደሚዘረጋ አይተሃል። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አቧራ የለበሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ እባብ የተጋደመ። ሲመሽ ጠቅልለን መኪና ላይ ስንጭን የ30 ሜትሩ አንዱ ጎደለ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፤ ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ እጁ ፈጣን፣ ንግግሩ ጥቂት። ሌባ ነህ አላልኩትም። “እስቲ ሳጥንህን ክፈት” ነው ያልኩት፤ ሰው ሁሉ እያየ። ከፈተ። ፒንሳ፣ አንድ ሸሚዝ፣ የተቋጠረ ቆሎ። ሌላ ምንም የለም።

በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ብዕሩን አንስቶ “በምን ታውቀዋለህ?” አለኝ። “ጥቁር ነው” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና በመስኮቱ የሚገባውን የስልክ ገመድ በብዕሩ አሳየኝ። “ይኸም ጥቁር ነው” አለ።

ፋሲካ ሰሞን የሌላ ጣቢያ ቴክኒሻን ደወለልኝ። ስቶራቸውን ሲያጸዱ አንድ ጥቅል ተርፎባቸው፣ ብየዳው የእኔን እጅ መሰለው። የእኔው ነበር። በጨለማ ተሳስተው ጠቅልለውታል፤ ሌባ የሚባል ሰው በነገሩ ውስጥ አልነበረም። ልጁ ግን ከዚያ በፊት ሥራውን ትቶ ሄዷል። ይቅርታ ልጠይቀው አፈላልጌ አጣሁት።

ስለዚህ ምልክት አድርግ የምልህ ሌባ ፈርቼ ብቻ እንዳይመስልህ። ሌባማ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ቆርጦ የተነሳ ሰው ስምህን እያነበበ ይወስደዋል። ምልክቱ የሚያስጥለው የሚያመነታውን ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንም ያላደረገውን ልጅ ከዓይንህ ያድነዋል።

በዚያ ዓመት ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማርከር፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ምን ይታያል? የብር ቀለሙን ገዛሁ፣ አልኮል በነካ ጨርቅ አንዴ ሲጠርጉት ሄደ። ነጭ ናስትሮ ጠቀለልኩ፤ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ማስቲካ ሆኖ እጅ ላይ ይጣበቅ ጀመር። በመጨረሻ የበጀኝ ሽሪንክ ነው፤ ያ ሲሞቅ የሚኮማተረው ቱቦ። ስምህንና ስልክህን በትንሽ ተለጣፊ ላይ አትመህ ገመዱ ላይ ታሳርፋለህ፣ ከላዩ ውስጡን የሚያሳየውን ሽሪንክ ታለብሰዋለህ። ጽሑፉ ከመስታወት ሥር እንዳለ ፎቶ ይሆናል። ለማጥፋት ቢላዋ ያስፈልጋል፣ ቢላዋ ደግሞ ጠባሳ ይተዋል። የቤትህን አድራሻ ግን አትጻፍ፤ ገመዱን ያገኘ ሁሉ ስቶርህን እንዲያገኝ አንፈልግም።

ኮኔክተሩ አስቀድሞ ከተገጠመ ወደ ግማሹ የሚኮማተረው ቱቦ አይሆንህም፤ ወደ ሲሶው የሚወርደውን ግዛ። ገመዱ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር አለፍ ይላል፣ የኤን ኮኔክተሩ ቀለበት ግን 20 ገደማ ነው። የ24ቱ ቱቦ ቀለበቱን አልፎ ይገባና እስከ 8 ስለሚወርድ ገመዱን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ላይተር አትጠቀም ብልህ አትሰማኝም፤ እንግዲያው ነበልባሉን አንድ ቦታ አታቁመው። ውስጥ ያለው ነጩ ፎም ከለሰለሰ ልቡ ከመሃል ይሸሻል፣ 50 ኦም የነበረውም ሌላ ነገር ይሆናል። አባቴ የበጎቹን ጆሮ ጫፍ ቆርጦ ነበር የሚለያቸው፤ በግ ይድናል፣ ገመድ ግን አይድንም። በመበየጃ ጫፍ ልባሱ ላይ ስማቸውን ተኩሰው፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ መረቡ የበሰበሰባቸውን አውቃለሁ።

አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም። ሌባ ጫፍ ቆርጦ ይጥላልና ከሁለቱም ኮኔክተር አንድ ክንድ ራቅ አድርገህ ጻፍ፣ መሃሉም ላይ ድገመው። ከዚያ የማይታይ አንድ ይኑርህ። ፒኤል 259 ከሆነ ቀለበቱን ፈትተህ ወደ ኋላ ስትገፋው ከሥሩ አንገቱ ይገለጣል፤ እዚያ በብረት መጫሪያ ሁለት ፊደል ጫር። ለተረኛው ፖሊስ ጥያቄ መልሱ ያ ነው። ፋብሪካው ራሱ በየሜትሩ ቁጥር የሚያትምባቸው ገመዶችም አሉ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ደብተርህ ላይ አስፍር፤ ከ412 እስከ 442 ያለው የአንተ ከሆነና ምናለሽ ተራ 425 የሚል ቁራጭ ካገኘህ፣ ክርክሩ በግማሽ አለቀ።

ከሩቅ የሚነበበው ቀለም ነው። የሬዚስተሩን ቀለማት በቃልህ ታውቃለህ፤ ብርቱካን 3፣ ጥቁር ዜሮ። ብርቱካንና ጥቁር ቀለበት ያለው የ30 ሜትሩ ነው። የዲሹን 75 ኦም ገመድ ደግሞ ለብቻው ሌላ ቀለም ስጠው፤ ከ50ው ጋር ተቀላቅሎ ግማሽ ቀን ያስለፋን ጊዜ አለ።

የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በምልክት ነገር ታድለዋል። የጥሪ ስማቸው በዓለም ላይ ሁለተኛ የለውም፤ የኛዎቹ ስም በ“ኢቲ” ይጀምራል፣ አምስት ኪሎ ያለው ክበብ ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ገመዱ ጃፓን ቢገባ እንኳ ባለቤቱ ይታወቃል። ላንተ ስልክህ ይበቃሃል።

ደብተር ያልኩህን ደግሞ እንዳትንቀው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ አደራ የሚጠብቀው ግን ሲጻፍ ነው። ቁጥሩ፣ ርዝመቱ፣ ማን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል። የአክስትህ ልጅ ሲመጣ መጻፍ ታፍራለህ፤ ለእሱም ጻፍ። እንዲያውም እሱ እያየህ ጻፍ፣ ራሱ ቁጥሩን ያንብብልህ። የዎኪቶኪ ፕሮግራም መጫኛ ገመዶችህንም አትርሳ፤ ጫፋቸው አንድ ይመስላል፣ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ግን ይለያያል።

ቶናው ደረሰ፣ ሲኒህን አቅርብ። ገመዱን ዛሬውኑ እዚሁ እንጀምረዋለን። ብቻ ኮኔክተሩን ከመበየድህ በፊት ሽሪንኩን ገመዱ ላይ አስገባው። እኔ ስንቴ በይጄ ጨርሼ፣ ላቤን ጠርጌ ቀና ስል፣ ቱቦው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አግኝቼዋለሁ።