የሚደጋገመውን ማን ይሙላው?

በጋይንት ሁለት የታወቁ የዜማ ምስክር ጉባኤዎች አሉ፤ የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ደግሞ ዙር አምባ። ድጓ የሚማር ሰው ከጽሑፉ በላይ የተደረደሩ ደቃቅ ፊደላትን ያያል። ምልክት ይባላሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። አንዲት ምልክት አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ትጠራለች። ሐረጉን ያላጠና ሰው ግን ቢያፈጥባት ምንም አትነግረውም።

ዳዊት ላይ ደግሞ ሌላ ማሳጠሪያ አለ። መዝሙር 135 በ26ቱም ቁጥሮቹ መጨረሻ ላይ ያንኑ ሐረግ ይመልሳል። ብዙ ጸሐፍት በዚህ ቦታ ላይ የሚለዋወጠውን ቃል በግራ ሙሉውን ይጽፉና የሚደጋገመውን በቀኝ በኩል አሳጥረው በጥቂት ፊደላት ያስቀምጡታል። ብራናው ተረፈ፣ ቀለሙም ተረፈ። ዳዊት ደጋሚው ግን 26 ጊዜ ሙሉውን ማለት አለበት።

ታዲያ ድግግሞሽን ስናሳጥር የተቀነሰው ሥራ የት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከምንም በላይ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ብዙ ሰው ልብ በማይለው የኮምፒውተር ሥራ ውስጥ ነው፤ የሜሞሪን አንድ ክፍል በአንድ ዓይነት ዋጋ መሙላት።

የፕሮሰሰሩን ትእዛዞች አንድ በአንድ በሚያስጽፈው በአሰምብሊ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው 4,096 ባይት ዜሮ ማድረግ ፈለገ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሉፕ ነው። አንድ ባይት ይጽፋል፣ አድራሻውን ያሳድጋል፣ ቆጣሪውን ይቀንሳል፣ ካላለቀ ይመለሳል። አንዲት ባይት ለመጻፍ ሦስት የቁጥጥር ሥራ ይከተላል። በ8 ባይት ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማስቀመጫ) ቢጽፍ ዙሩ 512 ይሆናል፣ በ32 ባይት 128። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ ሬፕ ስቶስቢ። ምን እንደሚጻፍ በአንድ ሬጅስተር፣ ከየት እንደሚጀመር በሌላው፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ በሦስተኛው ተቀምጦ ትእዛዙ አንዴ ይሰጣል። የዳዊቱ ጸሐፊ በቀኝ በኩል ያደረገውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ትእዛዙ አንድ ሆነ ማለት ግን ሥራው አንድ ሆነ ማለት አይደለም። ይህች አጭር ትእዛዝ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ በጥሩ ሁኔታ ከተጻፈ ሉፕ ስትዘገይ ኖራለች፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 በአይቪ ብሪጅ ነው በሰፊው ያፈጠናት። ድካሙ ከፕሮግራም ጸሐፊው እጅ ወጥቶ ወደ ሲሊከኑ ገባ እንጂ አልጠፋም። ደግሞም ፕሮሰሰሩ ሜሞሪን የሚያንቀሳቅሰው በ64 ባይት መስመር ነው። በካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነው ፈጣን ማከማቻ) ውስጥ በሌለ ቦታ ላይ ሊጽፍ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የቆየውን ይዘት መጀመሪያ ያመጣል፤ የሚያመጣው ሊያጠፋው ነው። ካሽን ዘልለው የሚጽፉ ትእዛዞች ይህን ልፋት ያስቀራሉ፣ ለትልቅ ቦታም ይፈጥናሉ። ቀጥሎ ያንን ቦታ የሚያነበው ግን ከሩቅ ማምጣት ግድ ይሆንበታል። ሊኑክስ ከዚህም ይሻገራል፤ ሜሞሪ የጠየቀ ፕሮግራም ያልጻፈበትን ገጽ ቢያነብ ለሁሉም የጋራ የሆነችውን አንዲት የዜሮ ገጽ ያሳየዋል። እውነተኛው ሙሌት የሚፈጸመው መጻፍ ሲጀምር ነው።

የእኛ ፊደል ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የፊደል አቀማመጥ ሥርዓት 3 ባይት ይወስዳል። አንድን ቦታ በሁለት ነጥብ (፡) መሙላት ለፈለገ ሰው አንዲት ባይት የምትደግመው ሬፕ ስቶስቢ አትረዳውም፤ 8ም ሆነ 64 ለ3 ያለ ቀሪ አይካፈሉም። 64 ሁለት ነጥቦች ቢደረደሩ ግን 192 ባይት፣ ማለትም ልክ ሦስት የካሽ መስመር ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ እየመለሱ መጻፍ ነው። ሌላም ብልሃት አለ። የመጀመሪያዎቹን 3 ባይቶች ጽፎ፣ ማሽኑ አሁን የጻፈውን ራሱን እያነበበ ወደ ፊት እንዲገለብጥ ማዘዝ። ኮዱ ያጥራል፣ ሥራው ግን ይዘገያል፤ እያንዳንዷ ባይት ከሦስት ቦታ በፊት ያለችው እስክትጻፍ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ከተሳሳተም ስሕተቱ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። በዜማ ቤት የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ቢያስቀጽልም ሁሉም በመጨረሻ መምህሩ ፊት የሚቀርበው ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ድግግሞሽ ቦታና ጊዜ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ማሳጠር ሐቀኛ የሚሆነው የተተወውን የሚሞላ ሰው ወይም ማሽን መኖሩ ሲታወቅ ነው። የጋይንቷ ምልክት ሐቀኛ ናት፤ ከበስተጀርባዋ ዓመታት ያጠና ሰው አለ። የሊኑክስ የዜሮ ገጽም ሐቀኛ ናት፤ የሚጽፍ ሲመጣ ሙሌቱ ይፈጸማል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ተጠቅሞ ሲያበቃ ቦታውን በዜሮ ሊያጠፋ ሜሞሪ የሚሞላውን ሜምሴትን ይጠራል። ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይህን አይቶ፣ «ከዚህ በኋላ ይህን ቦታ የሚያነብ የለም» ብሎ ሥራውን ሊሰርዘው ይችላል። በቋንቋው ሕግ ትክክል ነው። ችግሩ ሕጉ የሚያየው አንባቢ ፕሮግራሙ ራሱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሜሞሪውን በኋላ የሚበረብረው ሌባ በሕጉ ውስጥ አልተቆጠረም። እዚህ ላይ የተሰረዘውን የሚሞላ ማንም የለም፤ ምስጢሩ እንዳለ ይቀመጣል። የሲ ቋንቋ ሲ23 በተባለው ደረጃ ሊሰረዝ የማይገባውን ሜምሴት ኤክስፕሊሲትን የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። በአሰምብሊ የሚጽፍ ሰው ይህ አያሠጋውም፤ አሰምብለሩ የተጻፈለትን ትእዛዝ አላስፈላጊ ነው ብሎ አይሰርዝም፣ ዜሮዎቹም እስከ መጨረሻዋ ባይት ይጻፋሉ።