ፈረስ፣ ክብርና ገንዘብ

የፈረስ ግልቢያ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም በሚያስገባው ገንዘብም በሚያቆየው ክብርም ይመዘናል፤ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ግልቢያው ትልቅ ሀብት በሆነባቸው አገሮች ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከውርርድ ነው። በእ.ኤ.አ. 1884 የተመሠረተው የሆንግ ኮንግ ጆኪ ክለብ ከውርርድ ገቢው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሲደጉም ኖሯል። ቁማር ሆስፒታል ስላሠራ ጽድቅ ይሆናል ወይ? የሃይማኖት ሰዎች ጥያቄ ይኸው ነው።

ከባህር ዳር በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው እንጅባራ ግልቢያው የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው በዓድዋ የዘመቱ አርበኞችንና አብረዋቸው የወደቁ ፈረሶችን ለመዘከር ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ይከበራል፤ የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚያው ታቦት ቀን ነበር። ፈረሱ ግላስ ለብሶ፣ ልጓሙና ኮርቻው አጊጦ ይወጣል፤ ጉግሱና ሽምጥ ግልቢያው ይቀጥላል። ኮርቻ ሠሪው፣ ገብስ ሻጩና አልጋ አከራዩ ያን ሰሞን ይጠቀማሉ፤ ይህ ጥቅም ግን ክብሩን ተከትሎ የመጣ እንጂ ክብሩን የወለደ አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ፈረስን በጥርጣሬ ያያል። ኦሪት ዘዳግም ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ ያዛል፤ መዝሙረኛውም በፈረስ ኃይል የሚታመነውን ይነቅፋል። ይሁን እንጂ በጣና ዳር፣ በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ሰማዕታቱ የተሣሉት በፈረስ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይወጋል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ የመርቆሬዎስ ፈረስ ጥቁር ነው፤ ጦሩም ከሐዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ላይ ያርፋል። የተነቀፈው እንስሳው ሳይሆን የሰው ትምክህት መሆኑን ሠዓሊዎቹ በቀለም ተርጉመውታል ማለት ይቻላል። በእስልምናም ቁማር ክልክል ነው፤ ለፈረስና ለግመል ሽቅድምድም የሚሰጥ ሽልማት ግን በሕጉ ወሰን ውስጥ ተፈቅዷል። የተከለከለው አንዱ ሌላውን የሚያራቁትበት ጨዋታ ነው።

ክብሩ ለበዓል ፈረስ ብቻ ከሆነ ግን ጎዶሎ ነው። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላ በፊት የባህር ዳር መንገደኛ የሚሳፈረው በፈረስ ጋሪ ነበር። በአገሪቱ የጋሪ ፈረሶችን ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ በቁስል በኩል የሚገባ ፈንገስ ነው፤ የማይመጥን የጋሪ ዕቃ ትከሻና ደረቱን ሲልጠው በር ይከፍትለታል። እባጩ እየፈነዳ መግል ይይዛል፤ ፈረሱ መጎተት ሲያቅተው ብዙ ጊዜ አስፋልት ዳር ይጣላል። ያ ፈረስ ለባለቤቱ ቤተሰብ ለዓመታት እንጀራ ያበላ ነው፤ ግላስ ግን ለብሶ አያውቅም።

ስለዚህ ግልቢያን የቱሪዝም ገቢ ለማድረግ የሚያስብ ሁሉ ከውርርድ ፈቃድ በፊት የእንስሳት ሐኪም ያዘጋጅ፤ ለጋሪ ፈረስም ጭምር።